ቤት ተቃጥሎ የሙዚቃ ሸክላና ካሴቶቻችሁ ከተጎዱ፦ ምን ይተርፋል? እንዴትስ ይተርፋል?

እሳቱ ጠፍቷል። ሰዉ ሁሉ በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ጥግ ላይ የነበረው የሸክላ መደርደሪያ ግን ጠቁሯል፣ ውሃ ጠጥቷል፣ ግማሹም ተጣሟል። ጎረቤት እየመጣ "ዋናው ነፍስ ነው፣ ዕቃ ይተካል" ይላል። ነፍስ ይበልጣል፣ ማንም አይክድም። አባታችሁ በሠርጋቸው ቀን ያስቀዱት ካሴት ግን ከየትም አይገዛም። ስለዚህ ብታዝኑ አይፈረድባችሁም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእሳት ያመለጠ ብዙ ዕቃ የሚጠፋው በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ነው፤ ያውም በቅን ልብ። አክስት መጥታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ወንድም ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ሌላው "ይሄማ አልቆለታል" ብሎ ከፍርስራሹ ጋር ይጭነዋል። የመጀመሪያው ሥራችሁ እነዚህን ሦስቱን ማስቆም ነው። አትጥረጉ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ምንም አትጣሉ።

እሳት አደጋዎቹ ግቡ ሳይሉ አትግቡ። መብራቱ ከቆጣሪው መጥፋቱን አረጋግጡ። ጓንትና ደህና ማስክ አድርጉ፣ ምክንያቱም የተቃጠለ ሸክላ ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱም አመዱም ለሳንባ መርዝ ነው። ከዚያ አንድም ዕቃ ሳትነኩ ሁሉንም ባለበት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የተቃጠለውንም ጭምር። ቀልጦ የተጣበቀ ሸክላ እንኳ መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ከተነበበች የዘፋኙን ስም፣ አሳታሚውንና ቁጥሩን ትነግራችኋለች። በኋላ ምን እንደነበራችሁ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

የቱ ይቅደም?

ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያነሳው ውዱን ሸክላ ነው። እኔ ግን በዋጋ አትምረጡ እላለሁ። ስንት ቅጂ እንዳለ አስቡ። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል፤ የካይፋም የፊሊፕስም ሥራዎች አሉ። ከነዚህ አብዛኛው ሌላ ሰው ቤት አለ። ብዙው ከ1997 ወዲህ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና ወጥቷል። እናታችሁ ከሳዑዲ በካሴት ቀድተው የላኩት የድምፅ ደብዳቤ፣ ቤት ውስጥ የተቀዳ ክራር፣ ዘፋኙ በእጁ የፈረመበት ሽፋን፣ የሠፈር ባንድ ፎቶ፣ እነዚህ ግን አንድ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው መመዘኛ ውሃ ነው። የእሳት አደጋ ውሃ የነካው ወረቀትና ፎቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መሻገት ይጀምራል። ደረቅ ሆኖ ጥላሸት ብቻ የለበሰ ዕቃ ሊጠብቅ ይችላል፣ እርጥቡ አይጠብቅም።

ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ከሆነ በጉልበት አታላቅቁ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጧቸው፣ ቀስ ብለው ራሳቸው ይለቃሉ። ከዚያ ምስሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉ። ጋዜጣ አታንጥፉ፣ ቀለሙ ያልፍባቸዋል። ፊታቸውን በሶፍት አትንኩ። ብዛታቸው ከአቅም በላይ ከሆነ በመሃል በመሃላቸው የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጋችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። እዚያ ጊዜ ታገኛላችሁ። ሸክላና ካሴት ግን ፍሪዘር አይገቡም።

ሸክላው

ቪኒል፣ ማለትም አብዛኛው ሸክላ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ነበልባል ሳይነካው ሊጣመም ይችላል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ላይኛው መደርደሪያ ተበላሽቶ ታችኛው ደህና ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ከላይ ያየነው ሁሉ አልቋል ብላችሁ ታችኛውን ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ።

ሸክላውን ከረጠበ ሽፋኑ ቶሎ አውጡት፣ ወረቀቱ ከደረቀበት ይጣበቃል። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ያዙ። ደረቅ ጥላሸት ካለው በአዲስና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ደጅ ላይ፣ በክሩ (ድምፁ በተቀረጸበት ቦይ) አቅጣጫ አራግፉ። ጥላሸት ቅባት አለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ከታሸ ክሩ ውስጥ ይጋገራል። ከተራገፈ በኋላ ብቻ በዲስቲልድ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ የመሃሉን ወረቀት ሳታረጥቡ። ዲስቲልድ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጥበት ቦታ ታገኛላችሁ፣ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ግን ደግማችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሳህን መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ቤታችሁ ውስጥ ወፍራምና ከባድ፣ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር የድሮ ሸክላ ካለ፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚሄደው ማለት ነው፣ እሱ ቪኒል አይደለም፤ ሼላክ የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄደው ካስቀዱበት ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሸክላ የሚሠራው በዚህ ነበር። ሼላክን አልኮል ያሟሟዋል። አልኮል ያለው ማጽጃ፣ ሽቶም ሆነ ሳኒታይዘር፣ አጠገቡ እንዳይደርስ።

የተጣመመውን ኦቨን ውስጥ ወይም በካውያ ለማቃናት የሚሞክሩ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ትንሽ የተጣመመ ሸክላ በጥንቃቄ ይጫወታል፤ መጫወት ከቻለ በዚያው ዕድል ወደ ኮምፒውተር ቅዱት።

ካሴትና የሙዚቃ መሣሪያ

ሰው በጣም የሚቸኩልበት እዚህ ነው፣ ያለ ጊዜው የሚጥለውም ካሴት ነው። ካሴት ቀፎው ተጣሞና ጠቁሮ ስታዩት ድምፁ የጠፋ ይመስላል። ግን ድምፁ ያለው ክሩ ላይ ነው። የቀፎው ፕላስቲክ ከክሩ ቀድሞ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ቀፎው ተበላሽቶ ክሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀፎ መቀየር ነው። በብሎን የተገጠመ ሌላ ካሴት ፈልጉ፣ ፍቱት፣ የራሱን ክር አውጡና የእናንተን ሁለቱን ጥቅል በነበሩበት አቀማመጥ አስገቡበት። የተጎዳው ቀፎ በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ጠርዙን በቀጭን ቢላ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቴፕ ሪከርደር ሲጠግኑ ለኖሩት የሠፈር ባለሙያ ስጡ። እንዲህ ያሉ አባቶች ዛሬም አሉ፣ ፈልጓቸው።

የረጠበ ካሴት ደህና ሳይደርቅ ማጫወቻ ውስጥ አይገባም። ቆሻሻ ውሃ ከገባበት በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁት፣ ነፋስ ያለበት ክፍል ውስጥ ተዉት፣ በፀጉር ማድረቂያ አታቸኩሉት። ደርቆ ሲያልቅ የማጫወቻውን ጭንቅላት አጽዱ፣ መቅጃውን አስቀድማችሁ አስነሱ፣ ከዚያ ብቻ አጫውቱ። የተጎዳ ክር ሁለተኛ ጊዜ ላይጫወት ይችላል። ስትቀዱ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያኖረው በዋቭ ፋይል፣ ከተቻለ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ይሁን። ኤምፒ3 ለቴሌግራም መላኪያ ነው፣ ለማኖሪያ አይሆንም።

ክራር፣ በገና፣ መሰንቆ ረጥበው ከሆነ መጀመሪያ ክራቸውን አላሉ። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክሩ እንደተወጠረ ከቆየ ቆዳው ይሰነጠቃል ወይም እንጨቱ ይጎብጣል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው ይድረቁ።

የጠፋውን መመዝገብና መፈለግ

በመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር ጻፉ። ቤተሰቡን ሰብስቡና መደርደሪያው ላይ ምን እንደነበር አንድ በአንድ አስታውሱ፣ የድሮ የበዓል ፎቶዎችንም ተመልከቱ፣ ከጀርባ መደርደሪያው ሊታይ ይችላል። ትልልቅ ኩባንያዎች እንኳ በዚህ ተቸግረዋል። ሰኔ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ሲቃጠል የሙዚቃ ማስተር (ዋና ቅጂ) ቴፖች ያሉበት መጋዘን አብሮ ነደደ። የጉዳቱ ስፋት በሰፊው የተሰማው በ2019 ነው፣ ምን ምን እንደጠፋ ለይቶ ማወቅም እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ፣ ተከራይም ብትሆኑ፣ የንብረት ኢንሹራንስ ካላችሁ ዝርዝሩን ከፎቶዎቹ ጋር አያይዙ። ለዋጋ ማስረጃ ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ያው ሸክላ በስንት እንደተሸጠ ይታያል። ውሉ የሚከፍለው በአዲስ መተኪያ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶለት፣ ይህን ጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ሙዚቃውን ራሱን ለማግኘት ሰብሳቢዎችን ጠይቁ፣ ቅጂ ለመስጠት አይሰስቱም። የተቃጠለባችሁ የጋዜጣ ቁራጭ ወይም የኮንሰርት ማስታወቂያ ከሆነ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ የድሮ ጋዜጦችን አገላብጡ።

ቤታችሁ ላልተነካ

ሣጥኑን ኮርኒስ ላይ አታስቀምጡ፣ ወለል ላይም አታድርጉ። ላይ ሙቀቱ፣ ታች ውሃው አለ። ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ የታችኛው መደርደሪያ ይሻላል፣ ከምድጃ፣ ከሻማና ብዙ ዕቃ ከተሰካበት የመብራት ማከፋፈያ ራቅ ብሎ።

"እሳት የማይበግረው" የሚባል ካዝና ስትገዙ ለምን እንደተሠራ አንብቡ። ለወረቀት የተሠራው ውስጡን ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለማቆየት ነው። ወረቀት ይህን ይችላል፣ ቪኒል ግን ከዚያ ብዙ በፊት ተጣጥፏል። ለቴፕ ተብሎ የተሠራው ውስጡን ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ይይዛል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ለብዙዎቻችን ርካሹ መንገድ መቅዳት ነው። አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። የሽፋኖቹን ፊትና ጀርባ፣ ፊርማዎቹንም ፎቶ አንሱና አብራችሁ ላኩለት። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፣ ልጆቹም ይያዙት።