ፖይንሴቲያ ጠርዙ ሲቃጠልና ሲሻግት ከየት እንጀምር?

ብርዱ ሲገባ ደብረ ብርሃን አካባቢ ፖይንሴቲያ (የላይኛው ቅጠሉ የሚቀላው የፖት አበባ) በግሪን ሃውስ የሚያለማ ሰው ሁሉ ስሞታው አንድ ነው፦ ቀዩ ቅጠል ጠርዙ ቡኒ ሆነ፣ ከዛ ሻገተ፣ የፈንገስ መድኃኒት ረጨሁ ግን አልቆመም። አይቆምማ! ቀድሞ የመጣው ቃጠሎው ነው፣ ሻጋታው የሞተ ጠርዝ አግኝቶ ነው የገባው። ስለዚህ መድኃኒቱን ትንሽ አቆዩትና መጀመሪያ ቃጠሎውን እንይ።

ቀዩ ቅጠል ላይ ብቻ፣ ጫፍና ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቡኒ ነጥብ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የካልሲየም እጥረት ነው። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፣ ካልሲየም ከውሃ ጋር ነው ወደ ላይ የሚሄደው፣ ውሃው የሚሄደው ደግሞ ቅጠሉ ሲያተን ነው፣ እኛ ብርዱን ፈርተን ላስቲኩን ከማታ እስከ ረፋድ ጥርቅም አድርገን ስንዘጋው አየሩ በእርጥበት ይታፈንና መትነኑ ይቆማል። ቀዩ ቅጠል ደግሞ ድሮም ከአረንጓዴው ያነሰ ነው የሚያተነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ሌላው ጥፋት ማዳበሪያ ነው። ለገብስና ለስንዴ የተገዛ ዩሪያ ተርፎ ፖት ውስጥ ሲጨመር አይተናል፣ ዩሪያው አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፣ በዚህ ብርድ ግን አሞኒየሙ ቶሎ ወደ ናይትሬት አይለወጥም፣ ተከማችቶ ሥሩን ይጎዳል፣ ካልሲየሙንም እንዳይገባ ይሻማል።

መፍትሄው፦ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ዩሪያውን አቁሙና ወደ ካልሲየም ናይትሬት ዙሩ፣ መጠኑንም ቀንሱ። (ካልሲየም ናይትሬትን ፎስፌት ወይም ሰልፌት ካለው ማዳበሪያ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ አወፍራችሁ እንዳትበጠብጡ፣ ነጭ ሆኖ ይዘቅጥና ድሪፑን (የጠብታ መስኖውን ቱቦ) ይደፍናል።) ከዛ 1 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በሳምንት አንዴ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር ቶሎ እንዲደርቅ አድርጋችሁ እርጩ። መጀመሪያ ጥቂት ተክል ላይ ሞክሩት፣ አወፍራችሁ ከረጫችሁት እሱ ራሱ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ሻጋታው። ቦትራይቲስ ይባላል፣ ቡኒው ላይ ግራጫ ፀጉር ያወጣል፣ ነካ ሲያደርጉት አቧራው ብን ይላል፣ ያ አቧራ ዘሩ ነው። ቅዝቃዜ ይወዳል፣ ቅጠል ላይ ለጥቂት ሰዓት የቆመ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግቡና ቀና ብላችሁ ላስቲኩን እዩት፣ ጠብታው ሽቦው ሥር ተሰልፎ ይጠብቃችኋል፣ ከዛ ወደ ታች ስታዩ የሻገተው መስመር ልክ ከሱ ሥር ያለው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ችግሩ አየር ነው።

ውሃ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ከላይ አታርከፍክፉ። ማታ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎንና ጎኑን ከፍታችሁ ቀን የታፈነውን እርጥብ አየር አስወጡና ከዛ ዝጉ፣ ጠዋትም ውርጩ እንደለቀቀ ክፈቱ። ሙቀት ይወጣል ብላችሁ የምትሳሱ አላችሁ፣ እውነት ነው ትንሽ ይወጣል፣ ግን ማሞቂያ ካላችሁ እርጥቡን ካስወጣችሁ በኋላ ማሞቅ ይሻላል፣ ሌሊቱን 16 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ከተቻለ ጥሩ ነው። ከ10 በታች መውረድ ከጀመረ ቅጠሉ በብርዱም ይጎዳል። ፖቶቹን አራርቁ። የሻገተውን ቅጠል በደረቅ ሰዓት ቀስ ብላችሁ ፌስታል ውስጥ እየከተታችሁ አውጡት፣ መንገድ ላይ አትጣሉት። ተክሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ይኑራችሁ።

መድኃኒት ካስፈለገ ቀዩ ሳይወጣ በፊት ይሻላል፣ ቀዩ ላይ ነጭ ምልክት የሚተው ስላለ ገዢ አይወደውም። በየዙሩ ዓይነቱን ቀያይሩ፣ አንዱን ብቻ ደጋግማችሁ ከረጫችሁ ፈንገሱ ይለምደዋል።

ጣርማ በርና ደብረ ሲና ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሲውል ግን መክፈት ብቻውን አያደርቅም፣ እዛ አየሩን የሚያንቀሳቅስ ፋን ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ የምትሠሩት ደግሞ ቃጠሎአችሁ ሌላ ነው፣ አረንጓዴው ቅጠል ፀሐይ በሚመታው በኩል ብቻ ከነጣ የጥላ መረብ አልብሱት፣ ቀትር ላይም ምንም አትርጩ። የታችኛው ቅጠል ጠርዙ ዙሪያውን ከደረቀ አፈሩ ውስጥ የተከማቸ ጨው ነው፣ አፈሩን በንጹህ ውሃ ከፖቱ ሥር እስኪፈስ እጠቡት።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ካያችሁ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው፣ ይሄኛው የቆመ ውሃ እንኳን አይፈልግም፣ በጊዜው ቅጠሉን ቆርጣችሁ አውጡና ቶሎ እርጩ፣ ከተስፋፋ አስቸጋሪ ነው።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩን አውጥታችሁ ሳብ አድርጉት፣ ቆዳው ተላጦ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ ፒቲየም የሚባለው የሥር አበስባሽ ነው። ያ ተክል አይመለስም፣ ከነአፈሩ አስወግዱ፣ የቀሩትን ውሃ ቀንሱላቸው፣ ፖቱንም ድጋሚ የምትጠቀሙበት ከሆነ ጭቃውን አጥባችሁ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት።