ካያኩ ይነጉዳል፣ ዓሣው የለም፦ ሸናንዶዋ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ሸናንዶዋ ወንዝ ትደርሳላችሁ። ከሉሬይ እስከ ፍሮንት ሮያል ያለው ደቡባዊ ቅርንጫፉ ስሞልማውዝ ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የታወቀ ነው። ዓሣው ራሱ እንደኛው መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በእንፋሎት ባቡር የውሃ ታንክ ተጭኖ መጥቶ ነው ሸናንዶዋ የሚገባበት ፖቶማክ ወንዝ ላይ የተለቀቀው። በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ጀልባ) እየተንሳፈፉ ሲያጠምዱ የሚያጋጥመው ጣጣ ብዙ ነው። በኔ እይታ ግን አብዛኛው ከችኮላ ይመጣል።

ቀኑን ሙሉ ዓሣ አልነካም

መጀመሪያ የውሃውን ቀለም እዩ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ባሱ ምግቡን አያይም። ቤት ሳላችሁ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ ላይ የወንዙን ከፍታ ተመልከቱ። ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

ውሃው ጠርቶም ካልነካ፣ የምትጥሉበት ቦታ ነው ችግሩ። ጀማሪ መሃል ወንዝ ላይ ይወረውራል። ትልቅ ድንጋይ ፈልጉና ጀርባውን ልብ ብላችሁ እዩ። ፈጣኑ ውሃና የረጋው የሚገናኙበት ቀጭን የአረፋ መስመር አለ። ባሱ የረጋው በኩል ሆኖ፣ አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ፣ ወንዙ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ለምን ይልፋ? መንጠቆውን ከድንጋዩ በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ጣሉትና ውሃው ራሱ ያምጣው። ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ) ስለሚወድ ቡናማ የፕላስቲክ ማጥመጃ ይሻላል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ፖፐር የሚባለውን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማጥመጃ ሞክሩ።

ቦታውን ያያችሁት ካለፋችሁት በኋላ ከሆነስ? ካያኩ ፈጥኗል ማለት ነው። አፍንጫውን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩና ጥቂት ቀዝፋችሁ ከድንጋይ ጀርባ ግቡ። መልህቅ በካያኩ ጎን አትጣሉ፤ ውሃው ጎኑን መትቶ ይገለብጣችኋል።

መንጠቆው ድንጋይ ውስጥ ይቀረቀራል

የማጥመጃው ክብደት በዝቷል። በአንድ ስምንተኛ አውንስ (3.5 ግራም ገደማ) ጀምሩ። ከተያዘ አትጎትቱ፤ ውሃው በሚመጣበት በኩል ዞራችሁ በመጣበት አቅጣጫ ሳቡት።

ዓሣው ዘሎ ያመልጣል

ስሞልማውዝ እንደተያዘ መዝለል ይወዳል። በዚያች ቅጽበት ክሩ ከላላ መንጠቆውን ይተፋዋል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ፣ መጠቅለላችሁንም አታቁሙ። የሪሉ (የክር መጠቅለያው) ፍሬን በጣም ከጠበቀ ደግሞ ክሩ ይበጠሳል። በእጅ ሲጎተት ትንሽ የሚለቅ ይሁን።

ካያኩ በጎኑ ድንጋይ ላይ ተለጠፈ

ሰው ሲደነግጥ ከድንጋዩ ይሸሻል። ያኔ የላይኛው ጠርዝ ይዘቅጥና ውሃ ይሞላል። ተቃራኒውን አድርጉ፦ ወደ ድንጋዩ ተደገፉ፣ እቀፉት፣ በእጃችሁ እየገፋችሁ ተንሸራተቱ። ከወደቃችሁ ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ይደፋችኋል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግር ወደፊት፣ ውሃው እስኪረጋ። የቨርጂኒያ ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ላይፍ ጃኬት ይጠይቃል። ከወንበር ስር የተወሸቀ ግን ለፖሊስ እንጂ ለናንተ አይጠቅምም።

ሳንደርስ መሸ

እያጠመዱ ለመሄድ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ይበላል። 20 ያቀደ በባትሪ ይወጣል። ሁለት መኪና ይዛችሁ አንዱን መውጫው ላይ አቁሙ፤ የሱ ቁልፍ ደግሞ አብሯችሁ ካያክ ላይ ይውጣ። ሳቅ ያስመጣል እንጂ ቁልፉን መነሻው ላይ ያቆመው መኪና ውስጥ የሚረሳ አይጠፋም። በዚህ ወንዝ ላይ ሸናንዶዋ በምትባለው ከተማ፣ በኒውፖርትና በሉሬይ አጠገብ ግድቦች አሉ። ካርታ ላይ አስቀድማችሁ ለዩዋቸው፤ ካያኩን ተሸክሞ በየብስ ማለፍ ግድ ነው።

ለጥብስ ይሆናል?

ዌይንስቦሮ ያለ ፋብሪካ ከ1929 እስከ 1950 ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር። ከዚያ ያመለጠው ዛሬም ዓሣው ሥጋ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ አትብሉ፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጅማ ጭራሽ አታቅርቡ። እኔ ጥብስ ሲያምረኝ ከገበያ እገዛለሁ። ባሱን ፎቶ አንስታችሁ መልሱት። ከመያዛችሁ በፊት እጃችሁን ውሃ አስነኩ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ሙልጭልጭ ሽፋን ይገፈዋል።