ወደ 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ለሚገቡ የድሬ ልጆች፦ ክረምቱን እንዴት እንዘጋጅበት?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ከተሰጠ በኋላ የሚያገኘኝ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ ተፈጥሮ ሳይንስ መርጧል፤ ለክረምት የት ላስመዝግበው?» የት የሚለውን ለጊዜው እናቆየውና ምን ይማር የሚለውን እናስቀድም።

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ክረምት ተማሪ አስጠንቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐምሌ 1 ቀን የ11ኛ ክፍልን ሒሳብ ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ፣ ነሐሴ ሲያልቅ ሦስት ምዕራፍ እጨርስ ነበር። ደብተሩ ይሞላል፣ ወላጅም ደስ ይለዋል። መስከረም ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ጥያቄ ሲመጣ ልጆቹ ቀጥ ይላሉ። ቀርቤ ሳየው ያቆማቸው የ11ኛ ክፍል ትምህርት አልነበረም። ክፍልፋይ፣ የመቀነስ ምልክት፣ ፋክተር ማውጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ገልብጫለሁ። ክረምቱ በዋናነት የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ አዲሱን ምዕራፍ መቅመስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ነው።

ነገሩን አቅልለን እንዳናየው አንድ ቁጥር ላስታውስ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሰ። ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ መሠረቱ ሳይጸና ፎቅ እንዲሠሩ ተደርገው ነው።

መጀመሪያ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ

ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፤ በድምሩ 65 ቀን ነው። ከዚህ ላይ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይቀነሳል። ሐምሌ 19 ቁልቢ የሚሄድ ይሄዳል፣ ቡሄም አለ፣ ዘመድ ጥየቃም አይቀርም፣ መድረሳ የሚማረውም የራሱ ሰዓት አለው። 45 የሥራ ቀን ከተረፈ በቂ ነው።

ሰዓቱ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ሱቁ እንኳ በሚዘጋበት ሙቀት ሒሳብ እሠራለሁ ማለት ራስን ማድከም ነው። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3 ሰዓት ለሒሳብና ለፊዚክስ ይሁን። አመሻሹ ላይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ለንባብና ለቃላት። መብራት ቢጠፋም ሥራው እንዳይቆም የጠዋቱ ሥራ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይሁን፤ ስልክ ላይ አይንጠልጠል።

በቡድን የምታጠኑ ከሆነ ሁላችሁም ከደቻቱ ወንዝ በአንድ በኩል ያላችሁ ብትሆኑ እመክራለሁ። ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ በዘነበ ይመጣል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሌሊት የወሰደብንን ሰው ድሬ አትረሳውም። ለአንድ ቀን ጥናት ብሎ ጎርፍ የሚሻገር ልጅ ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳው የት እንደሆነ ፈልጉ

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጻሕፍትን ከታላቅ ወንድም፣ ከእህት ወይም ከጎረቤት ተዋሱ። መጽሐፉ ከሌለ ፒዲኤፉ ተማሪ ሁሉ ቴሌግራም ላይ የሚቀባበለው ስለሆነ አይጠፋም። ከየምዕራፉ መጨረሻ ካለው መልመጃ ሦስት ሦስት ጥያቄ ምረጡና ያለ ደብተር፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ጓደኛ ሥሩ። ሁለት ጠዋት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ቻልኩ»፣ «ተጠራጠርኩ» ወይም «አልቻልኩም» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ነው የምትጽፉት። «ቻልኩ» ብላችሁ የተሳሳታችሁበት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ የተደበቀው ቀዳዳ እዚያ ነው ያለው።

ወረቀቱን አትጣሉት። ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት፤ ጳጉሜን ላይ ይፈለጋል።

ሦስተኛ፦ የሒሳቡን ቀዳዳ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ድፈኑ

የ11ኛ ክፍል ሒሳብ ሪሌሽንና ፈንክሽን፣ ራሽናል ኤክስፕሬሽን፣ ማትሪክስ፣ ዲተርሚናንት፣ ቬክተር፣ ስታቲስቲክስ፣ ፕሮባቢሊቲ እያለ ይሄዳል። ስማቸው ያስፈራል። ውስጣቸው ገብታችሁ ስታዩ ግን አብዛኛው ሥራ መደመር፣ ማባዛት፣ ማቃለልና ምልክት መጠበቅ ነው። አንድ የማትሪክስ ጥያቄ ውስጥ ሃያ ትንንሽ ስሌት አለ፤ አንዷ ምልክት ከተሳተች መልሱ በሙሉ ይበላሻል።

አንድ ጠዋት ያጋጠመኝን ላሳያችሁ። ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ተማሪ «ኤክስ ሲደመር 3»ን ለ«ኤክስ» ማካፈል ነበረባት። ላይ ያለውን ኤክስ ከታች ካለው ጋር ሰርዛ «3» ብላ ጻፈች። ስህተት ነው አላልኳትም።

«ኤክስ 2 ቢሆን ላዩ ስንት ይሆናል?»

«5።»

«ታቹስ?»

«2።»

«5 ለ2 ሲካፈል?»

«2.5…» አለችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ቲቸር፣ እንዲህ እያደረግኩ ስንት ፈተና ተፈትኛለሁ?» አለችኝ። ያን ዕለት ሌላ ነገር አላስተማርኳትም፤ ማካፈል የሚሰርዘው የተባዛን እንጂ የተደመረን አይደለም የሚለውን ብቻ ጠዋቱን ሙሉ ስትሠራው ዋለች።

ይህን ዘዴ ያዙት። ያቃለላችሁት ነገር ትክክል መሆኑን ከተጠራጠራችሁ በኤክስ ቦታ አንድ ትንሽ ቁጥር አስገቡና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተያዩ። 0 እና 1ን ግን ተዉአቸው፤ ስህተቱን ይሸፍናሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ ማንም አስተማሪ ሳያርማችሁ ራሳችሁን አረማችሁ ማለት ነው።

በቀን አሥር ጥያቄ ይበቃል፦ አራት ከክፍልፋይና ከምልክት፣ ሦስት ከፋክተር ማውጣት፣ ሦስት ደግሞ ቀመር ከመገልበጥ። ቀመር መገልበጥ ያልኩት ከፊዚክስ ቀመር ውስጥ አንዱን ፊደል ብቻውን ማውጣት ነው። ይህን አጥርቶ የሚችል ልጅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ጨምሩ። የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን ሳያስቡ እስኪወጡ ድረስ ሥሯቸው፤ ቬክተር ያለ እነሱ አይገፋም።

አራተኛ፦ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ለብቻው አጥኑ

ብዙ ክረምት ካስጠናሁ በኋላ የተገለጠልኝ ነገር ነው። ሒሳቡን ችለው ጥያቄውን የማይረዱ ልጆች በጣም ብዙ ናቸው። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሦስተኛው በሶማልኛ ተምረው አድገው 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም እንግሊዝኛ ይገጥማቸዋል። ከዚያ ወዲህ ቃላቱን ቁጭ ብሎ ያስተማራቸው የለም።

ትንሽ ደብተር አዘጋጁ። «ሲምፕሊፋይ» ሲል አቃልል ማለቱ ነው፤ ኤክስ ስንት እንደሆነ አልተጠየቃችሁም። «ሶልቭ» ሲል ግን የኤክስን ዋጋ ፈልግ ማለት ነው። «ስቴት» ካለ መናገር ብቻ ነው፤ «ዴራይቭ» ካለ እንዴት እንደተገኘ ከመነሻው ማሳየት አለባችሁ። ፕሮባቢሊቲ ላይ «አት ሊስት 3» ማለት 3 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ «አት ሞስት 3» ደግሞ 3 ወይም ከዚያ በታች። ልክ 3 ብቻ ወስዶ የሚሠራ ተማሪ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ መልሱን ያጣል። «ሪስፔክቲቭሊ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ሁለት ዝርዝሮች በቅደም ተከተላቸው መዛመዳቸውን ትናገራለች፤ እሷን ዘሎ ያነበበ የአንዱን ክብደት ለሌላው ይሰጣል። በቀን አምስት ቃል፣ እያንዳንዱ ከነምሳሌ ጥያቄው።

ሦስት ሆናችሁ የምታጠኑ ከሆነ የድሬን ጸጋ ተጠቀሙበት። በሚቀናችሁ ቋንቋ አስረዱ፣ ተከራከሩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ጻፉ። አንድን ነገር በሁለት ቋንቋ ያስረዳ ልጅ ነገሩ ገብቶታል።

አምስተኛ፦ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ከተማችሁ ውስጥ ፈልጉ

ፊዚክስ ላይ ቀመር መሸምደድን አቁሙ። ጥያቄውን አንብቡ፣ ሥዕል ሣሉ፣ «ጊቭን» ብላችሁ የተሰጠውን ከነመለኪያው ዘርዝሩ፣ ከዚያ «ሪኳየርድ» ጻፉ። ቀመሩን የምትፈልጉት ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉም አስተማሪ ይህን ይላል፤ የሚያደርገው ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቀጥ ባለ መንገድ ወደ ምሥራቅ 300 ሜትር፣ ከዚያ ታጥፋችሁ ወደ ሰሜን 400 ሜትር ብትሄዱ እግራችሁ 700 ሜትር ሄዷል፤ ከተነሣችሁበት የራቃችሁት ግን 500 ሜትር ነው። በርምጃ ለክታችሁ ሞክሩት። የቬክተር ምዕራፍ ሲከፈት ከሌላው ቀድማችሁ ትገኛላችሁ።

ሌላ ምሳሌ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር 1,900 ገደማ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ድሬ ተሳፍሮ ሐረር ሲወርድ ያገኘው የከፍታ ኢነርጂ 60 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ700፣ ማለትም 420,000 ጁል ነው። መኪናው በደንገጎ ወጥቶ ሐረማያ ገደማ 2,000 ሜትር ደርሶ እንደገና ወደ ሐረር ይወርዳል። ስሌቱ ውስጥ ይህ ለምን አልገባም? መነሻና መድረሻ ብቻ ለምን በቃ? መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት እርስ በርስ ተከራከሩበት። ያ ዳገት ቀልድ አይደለም፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሐረርን ትቶ ድሬ ላይ የቆመውና ከተማችን የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው።

ያው የከፍታ ልዩነት ኬሚስትሪም ነው። ውኃ ድሬ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሐረር ላይ 94 ገደማ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ የፈላው ውኃ ግን ሙቀቱ ስለሚያንስ ባቄላው ለመብሰል ይዘገያል። እናቶቻችሁ ይህን ያውቁታል፤ 11ኛ ክፍል ላይ ምክንያቱን ትማራላችሁ። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝም ከዚሁ ምዕራፍ አይርቅም፦ ከጨርቁ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ኬሚስትሪ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጽና፦ የመጀመሪያዎቹ 20 ኤለመንቶች ከነኤሌክትሮን አደረጃጀታቸው፣ ኢኩዌሽን ማመጣጠን፣ ሞል። ሞል ብዙዎችን ያስጨንቃል። 18 ግራም ውኃ፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ አንድ ሞል ነው፤ 602 ላይ 21 ዜሮ ተጨምሮበት የሚጻፈውን ያህል ሞለኪውል ይዟል። ለክታችሁ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡትና እያያችሁት ሥሩ።

ባዮሎጂን በክረምት አታብዙት። ማታ ማታ የ10ኛ ክፍሉን እያነበባችሁ ሴልንና የሰውን የሰውነት ክፍሎች በእጃችሁ ሣሉ። 11ኛ ላይ ጄኔቲክስ ሲመጣ የፕሮባቢሊቲ ሥራችሁ ያግዛችኋል።

ለወላጆች፦ አስጠኚ ስትቀጥሩ

ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይሄድ፣ ልጁን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ከማለት «ዛሬ ብቻህን ስንት ጥያቄ ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ በተከታታይ ዜሮ ወይም አንድ ከሆነ ሰሌዳ እየተገለበጠ ነው፤ አስጠኚውን አነጋግሩት። አቅም ከሌላችሁም አትጨነቁ፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ያለ አስጠኚ የሚሠራ ነው። ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3 ሰዓት ልጁን ወደ ቀፊራ ገበያ አትላኩት። ልጅቷንም ከምድጃው አጠገብ ልቀቋት። በየዓመቱ ከወንዱ ይልቅ ሴቷ ናት ያን የጠዋት ሰዓት የምታጣው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስድስተኛ፦ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የ11ኛውን ክፈቱ

ከነሐሴ 16 ወዲያ በሒሳብ የፈንክሽንን ምዕራፍ፣ በፊዚክስ ቬክተርን፣ በኬሚስትሪ የአቶምን አወቃቀር ጀምሩ። ከየምዕራፉ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ። ምሳሌውን አንብባችሁ መጽሐፉን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ሥሩት። ከተጣበቃችሁ ከፍታችሁ አንድ መስመር ብቻ እዩና እንደገና ዝጉ። አዝጋሚ ነው። በአንድ ጠዋት ሦስት ምሳሌ ከሠራችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

ጳጉሜን 1 ቀን በሐምሌ የተፈተናችሁባቸውን ያንኑ ጥያቄዎች በአዲስ ወረቀት እንደገና ሥሩ። አሮጌውን ከጎኑ ዘርጉት። «አልቻልኩም» ከነበሩት የተሻሻሉትን ቁጠሩ፤ ያልተሻሻሉትን በቀይ አክብቡና ሁለቱንም ወረቀት በአዲሱ የሒሳብ ደብተራችሁ ሽፋን ውስጥ አጣብቋቸው። መስከረም ላይ አስተማሪያችሁ «ጥያቄ ያለው?» ሲል መጀመሪያ የምታነሡት ያንን በቀይ የተከበበውን ነው።