የሴቶች ገጽታ በማስታወቂያ፦ ለውጡን ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡን ቀጥ ያለ መንገድ ማድረግ። «ድሮ ማጀት፣ ዛሬ ቢሮ» ማለት ለጸሐፊ ይመቻል፤ ታሪኩ ግን ወደ ኋላም ተመልሷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ማስታወቂያዎች ሴቶችን በፋብሪካ ማሽን ላይ አሳዩ። ወንዶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ የ1950ዎቹ ማስታወቂያ መልሶ ከማቀዝቀዣው ጎን አቆማቸው። ስለዚህ ሁለት ዓመት መርጦ ማነጻጸር አይበቃም። በየአሥር ዓመቱ ናሙና ይውሰዱ፤ ከአንድ መጽሔት፣ ከአንድ ወር፣ ለአንድ ዓይነት ዕቃ። የ1955 ሳሙና ከ2015 መኪና ጋር ቢነጻጸር የሚታየው የዕቃው ልዩነት ነው።

ምስሉን ከተሠራበት ጉዳይ መነጠል። ነጠብጣብ ሻሽ አስራ ክንዷን የምታሳየው የ1943ቷ ሴት «እንችላለን!» ስትል ብዙዎች ሴቶችን ለሥራ የጠራ የመንግሥት ፖስተር ይመስላቸዋል። አይደለም። ሃዋርድ ሚለር የሣለው ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ነው፤ የተለጠፈውም በራሱ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ቀድሞውኑ ለተቀጠሩት ሠራተኞች ነበር። የእኩልነት ዓርማ የሆነው በ1980ዎቹ ነው።

የነጻነት ቃል ሲሰሙ ማመን። በ1929 በኒው ዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ሴቶች «የነጻነት ችቦ» ብለው ሲጋራ ለኮሱ፤ ከጀርባው የነበረው ለትንባሆ ኩባንያ የሚሠራው ኤድዋርድ በርኔይስ ነው። በ1968 የወጣው ለሴቶች የተሠራ ሲጋራ፣ ቨርጂኒያ ስሊምስም፣ የሴቶችን የመብት ትግል ለሲጋራ መሸጫ አዋለው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ከፈለ?» ነው።

ሴቶቹን ብቻ መቁጠር። ቁጥሩ እኩል ሆኖ አቋማቸው ላይለወጥ ይችላል። የማኅበረሰብ አጥኚው ኤርቪንግ ጎፍማን በ1976 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ወንዱ ዕቃውን ጨብጦ ይይዛል፣ ሴቷ በጣት ጫፍ ትዳስሳለች፤ እሱ ከፍ ብሎ ያስረዳል፣ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች ወይም ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ እጅን፣ ቁመትን፣ ዓይንንና አስረጂውን ለየብቻ ይመዝግቡ። በቪዲዮ ደግሞ ከጀርባ የሚሰማው የባለሙያ ድምፅ የማን እንደሆነ መያዝ አይረሳ።

ሁሉን የጻፉት ወንዶች ናቸው ማለት። በ1910ዎቹ የዉድበሪ ሳሙናን በ«ሊነኩት የሚያጓጓ ቆዳ» የሸጠችው የማስታወቂያ ጸሐፊዋ ሄለን ላንስዳውን ነበረች።

ደንብን ከወሬ መማር። በ2019 የጸናው የብሪታንያ የማስታወቂያ ደንብ ሴት ስታጸዳ ማሳየትን አልከለከለም፤ የከለከለው ጉዳት የሚያስከትል የጾታ አመለካከትን ነው። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ከታገዱት ሁለት ማስታወቂያዎች አንዱ ልጅ መጠበቅ ያቃታቸውን አባቶች ያሳየ የአይብ ማስታወቂያ ነበር።