ሦስት ዕቃ ከሱቅ፦ ከወንድሜ ጋር ቤት የምንሠራው ልምምድ

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። መርፌውን በየወሩ ይወጋል፤ ማንም ሳይኖር ይሰማው የነበረው ድምፅ ከተወው ቆይቷል። ግን ስኳር፣ ሳሙናና ክብሪት ብዬ ስልከው ክብሪት ብቻ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ሱቁ ደጃፍ ተገትሮ አገኘዋለሁ። "እታለም፣ ምን ነበር ያልሽኝ?" ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ "አውቆ ነው" እያልኩ ጮኼበታለሁ።

አውቆ አልነበረም። ክትትል የሚያደርግበት ክፍል ያለች ሲስተር ናት ያስረዳችኝ። ሕመሙ ራሱ ትኩረትን፣ ማስታወስን፣ ማቀድንና የማሰብ ፍጥነትን ይነካል። መድኃኒቱ ድምፁንና ጥርጣሬውን ያስታግሳል፤ እዚህኛው ላይ ግን ብዙም አቅም የለውም። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የአእምሮ ልምምድ አለ። ለንደን ያሉት ፕሮፌሰር ቲል ዋይክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 የ40 ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ ለውጡ መጠነኛ፣ ግን የሚቆይ ሆኖ አግኝተውታል። ድምፅና ጥርጣሬ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ 130 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ የተሻለ የሠራው ባለሙያ አብሮ ሲቀመጥ፣ ዘዴ ሲያስተምርና ልምምዱ ከኑሮ ጋር ሲያያዝ ነው። ስልክ ላይ ጌም ጭኖ "ተጫወት" ማለት ይህን አይተካም። እኛ ቤት የምንሠራውም ከዚያ የተቀዳ ነው እንጂ ሕክምናው ራሱ አይደለም። ባለሙያ ካገኛችሁ እሱ ይቅደም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ስለ ኪኒኖቹ ጠይቁ። ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘው አርቴን ማስታወስን ሊያደክም ይችላል። ጠይቁ ነው ያልኩት፤ በራሳችሁ እንዳታስቆሙ።

ቀጥሎ እሱ የሚፈልገውን ነገር ያዙ። እኔ "ሒሳብ እንሥራ" ብዬ ጀምሬ በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛብኝ። ኋላ ስጠይቀው ሳሪስ ያለው የጓደኛው ጸጉር ቤት ብቻውን በታክሲ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር የምናያይዘው ከሳሪስ ጋር ነው።

ሰዓታችን ከቁርስ በኋላ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። ማታ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ያደነዝዘዋል። ሬዲዮ ይዘጋል።

የምንጀምረው በመጫወቻ ካርታ ነው። ሦስት ጥንድ ብቻ፣ ስድስት ካርታ። መጀመሪያ ሁሉንም ገልጬ አሳየዋለሁ፤ እሱ ጮክ ብሎ "ንጉሡ ከበሩ በኩል፣ ሰባቱ ከእታለም በኩል" ይላል። ከዚያ እገለብጣቸዋለሁ፤ እሱ የት እንዳሉ እያስታወሰ ጥንድ ጥንዱን ያወጣል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እንዳይሳሳት አድርጋችሁ አቅልሉለት። ሊሳሳት መሆኑን ካየሁ፣ እጁ ሳይነሳ "በበሩ በኩል" እላለሁ። አብዛኛውን ማግኘት ሲጀምር ነው አራተኛውን ጥንድ የምጨምረው። ንግግሩም እንደዚያው ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ በመጨረሻ በሆዱ። ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ሳይ ደስ ይለኛል።

ይህን ዘዴ ያኔውኑ ወደ ሱቅ ውሰዱት፤ ካልሆነ ካርታ ጎበዝ ይሆንና እዚያው ይቀራል። እኛ ሦስቱን ዕቃ በሦስት ጣት ይዘናል። አውራ ጣት ስኳር፣ ጠቋሚ ሳሙና፣ መሐል ጣት ክብሪት። የመጀመሪያ ቀን አብሬው ሄድኩ። በሁለተኛው ከበር ላይ ቆሜ አየሁት። በሦስተኛው ወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ፤ ባለሱቁ ፊት ማውጣት አፍሮ ነበር፣ ግን ስለማያስፈልገውም አላወጣውም። ወረቀት መያዝ ማጭበርበር አይደለም፤ እኔም ያለ ወረቀት መርካቶ አልሄድም።

አንድ ነገር ለዘመድ ንገሩልኝ። ቡና ላይ እየተቀመጣችሁ "ታውቀኛለህ? እስቲ ስሜ ማነው?" አትበሉት። የሦስት ሳምንት ልፋታችንን በአንድ ስኒ ታፈርሱታላችሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይናገርም።

እንቅልፍ ካጣ፣ ለብቻው ማውራት ከጀመረ ወይም ከተጠራጠረ ልምምዱን ተዉትና ወደ ሐኪሙ ሂዱ። መሞትን ካነሳ ደግሞ የዚያኑ ዕለት፣ ብቻውን ሳትተዉት።

ታክሲውን በአራተኛው ወር ያዝን። መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ "ወራጅ አለ" የሚለው ግን እሱ ነው። ቀጥሎ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ዝም አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ቀረሁ። አርባ ደቂቃ ስልኬን እያገላበጥኩ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ደወለ።

"እታለም ደርሻለሁ። መልሴን ግን ከወያላው ሳልቀበል ወረድኩ።"

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ካርታውን አስቀምጠን ጠረጴዛው ላይ ዝርዝር ብር እየደረደርን ነው። እኔ ወያላ ነኝ።