መንታ ሕፃናት እርስ በርስ እንዲተዛዘኑ እንዴት ማለማመድ ይቻላል?

በአንድ ማህፀን ስላደጉ ብቻ መንታ ልጆች ያለ እገዛ ተፋቅረው ያድጋሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። አንድ ጭንና አንድ የእናት ዓይን የሚሻሙ እኩዮች በመሆናቸው፣ መተዛዘንን ለመልመድ ከሌሎች ወንድምና እህቶች የበለጠ የወላጅ እርዳታ ይሻሉ።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ በየስሙ መጥራት ነው። ያለቀሰው አንዱ ሆኖ ሳለ «መንታዎቹ አለቀሱ» ማለት፣ የሌላው ስሜት ከእሱ ስሜት የተለየ መሆኑን ገና ለማያውቅ ሕፃን ነገሩን ይበልጥ ያደናግረዋል።

ቀጥሎ «ከፋት»፣ «ፈራ»፣ «ደስ አላት» የሚሉትን ቃላት ነገሩ በሚሆንበት ቅጽበት ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ ባለሥዕል ካርዶች አያስፈልጉም፤ መንታዎቹ ወንድና ሴት ቢሆኑ፣ ለልጁ የእህቱ ፊት ይበቃዋል።

አስቸጋሪው ደረጃ አንዱ ሌላውን የነከሰበት ወይም የመታበት ጊዜ ነው። በቅድሚያ ወደ ተጎዳችው ሄደው «አይዞሽ፣ አመመሽ አይደል?» ይበሏት፤ የነከሰውን ልጅ ግን ሳይገፉት አጠገብዎ ያቆዩት፤ ምክንያቱም እንዴት እንደምትባበል የሚማረው በዓይኑ አይቶ ነው። ከዚያ ዝቅ ብለው «አየህ፣ ክንዷን አሟታል፤ እርጥብ ጨርቅ እናድርግላት ወይስ ውኃ እንስጣት?» ብለው ይጠይቁትና የመረጠውን በገዛ እጁ ያድርግ። «ይቅርታ በላት፣ ሳማት» ብሎ ማስገደድ በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ልጁ የሚማረው ከቁጣ የሚያመልጥበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ተጎጂዋም ገና እያመማት ለመሳም ትገደዳለች። ልጅ ሲወድቅ ወለሉን እየመቱ «ምቺው!» ማለትም ሊቀር ይገባል፤ ሕመም በምት እንደሚሽር ያስተምራልና። በሕፃንነት ዕድሜ ንክሻ ብዙውን ጊዜ የቃል እጥረት ስለሆነ፣ ረጋ ባለ ሰዓት «ስጪኝ» እና «ተራዬ ነው» ማለትን ያለማምዱት።

ልጁ ለማባበል የራሱን የተወደደ ብርድ ልብስ ቢያመጣላትና እህቱ ብትገፋው «እሷ አልፈለገችውም» ብለው አይመልሱት። እሱን የሚያጽናናው እሷንም የሚያጽናና ስለሚመስለው ያደረገው እውነተኛ ርኅራኄ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቤቲ ረፓቾሊና አሊሰን ጎፕኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ የ14 ወር ሕፃናት ብሮኮሊ የተባለውን አረንጓዴ አትክልት እንደምትወድ በፊቷ ላሳየቻቸው ሴት እነርሱ የሚወዱትን ብስኩት ሲሰጧት፣ የ18 ወር ሕፃናት ግን ብሮኮሊውን ሰጥተዋታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያመሰግኑት፤ ከዚያም «እሷስ ስታለቅስ ማንን ነው የምትይዘው?» ብለው ወደ እሷ አሻንጉሊት ይምሩት።

ፍቅርን መግለጽ በየዕለቱ ልማድ ውስጥ ሲገባ ይቀላል። በማዕድ ሰዓት እጃቸውን አስታጥበው፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ እንዲጎራረሱ ያድርጉ፤ ሌላው አፉን ሲከፍት ብቻ ማጉረስ እንደሚገባ አብረው ያሳዩአቸው። በሚተቃቀፉበት ጊዜም እንዲሁ ነው፤ አንዷ ፊቷን ካዞረች ወይም ከገፋች «አሁን አልፈለገችም፤ ቆየት ብለህ ጠይቃት» ብለው እጁን በቀስታ ያላቅቁ። እምቢታው ከእሱ በኩል ሲመጣም ለእሷ በተመሳሳይ ቃል ይንገሯት።