ከሸክላ ወደ ሲዲ ስትዞሩ እጃችሁን እንዴት ታለማምዱታላችሁ?

በሸክላ ሚክስ የሚያደርግ፣ ማለትም ዘፈንን ከዘፈን በምት የሚያገናኝ ዲጄ በሲዲም ያደርጋል። ጆሮው ያው ነው፣ ምት አቆጣጠሩም ያው ነው። እንደ አዲስ የሚማረው እጅ ነው።

መጀመሪያ ገመዱን እዩ። ሸክላ ማጫወቻ ሚክሰሩ (የሁለቱን ማጫወቻ ድምፅ የሚያቀላቅለው ማሽን) ላይ ፎኖ የሚለው ጋ ይሰካል፣ ሲዲ ማጫወቻ ግን ላይን የሚለው ጋ። ከመርፌው የሚመጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ፎኖው ያጎላዋል፣ የሳሳውን ቤዝም ይሞላለታል። ሲዲውን እዚያ ከሰካችሁት ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

ትልቁ ለውጥ ኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን ነጥብ መያዝ ነው። በሸክላ ጊዜ የመጀመሪያውን ከበሮ በጣታችሁ ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ አግኝታችሁ፣ ሸክላውን ይዛችሁ ትለቁታላችሁ። እዚህ ግን ፖዝ አድርጋችሁ ጆጉን (ማጫወቻው ላይ ያለውን ክብ መዘውር) በቀስታ ታዞራላችሁ፣ ከበሮው ሊመታ ሲል ኪዩ የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ሲዲ አንዷን ሰከንድ ለ75 ስለሚከፍላት ነጥቡን በደንብ ማጥበብ ይቻላል። ከዚያ ኪዩን ተጭናችሁ ስሙት፤ ስትለቁት ወደ ነጥቡ ይመለሳል። «ዱም» ብሎ ጥርት ካለ ልክ ናችሁ። «ኡም» ካለ የከበሮው ጫፍ ተቆርጧል፣ ትንሽ ወደኋላ መልሱት። ይሄን ሳትሰለቹ ደጋግሙት፣ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው።

የሁለቱ ዘፈን ምት ሲንሸራተት ደግሞ የጆጉን ጠርዝ ብቻ ገፋ ወይም ጎተት አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የፓዮነር ሲዲጄ-1000 የዲጄ ሲዲ ማጫወቻ ላይ ቪኒል የሚለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ የጆጉን ላይኛውን ገጽ ከነካችሁት ሙዚቃው ቀጥ ይላል። እኔን የመጀመሪያ ቀን ሰው ሞቅ ብሎት እየጨፈረ ሳለ ደርሶብኛል፣ እጄ ሸክላ የነካ መስሎት ነው። እስክትለምዱ ድረስ ቪኒሉን አጥፉት።

የፒቹን (የፍጥነት መቀየሪያውን) ክልል 6 በመቶው ላይ አድርጉ፣ እጅ ላይ ረጋ ይላል። ማስተር ቴምፖ የሚለው ቁልፍ ፍጥነት ስትቀይሩ የዘፈኑን ቃና ይጠብቃል፣ ብዙ ስትቀይሩ ግን ድምፁን ያበላሸዋል።

ሲዲ ስታቃጥሉ በኦዲዮ ሲዲ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሁለት ሁለት ኮፒ። ወረቀት አትለጥፉበት፣ ውስጥ ተላጦ ሊቀረቀር ይችላል። በማርከር ጻፉበት። ሸክላ ላይ ዘፈኑ የት እንደሚሳሳ ከመስመሮቹ ቀለም ታዩ ነበር፤ አሁን የቀረውን ደቂቃ ነው የምታነቡት፣ ስለዚህ መግቢያና መውጫውን ሽፋኑ ላይ አስፍሩ።

ለልምምድ ያንኑ ዘፈን ሁለቱም ማጫወቻዎች ላይ ክተቱ፣ ስክሪኑን ሸፍኑና በጆሮ ብቻ አገናኙ። ሊገጥሙ ሲሉ ድምፁ እንደ ንፋስ «ሿ» ይላል። ያን ጊዜ እጃችሁን አንሱና ስንት ደቂቃ አብረው እንደሚሄዱ ስሙ።